የኢንዛይም ሙከራ ስትሠሩ ፈሳሾቹን መጀመሪያ ለየብቻ አሙቁ

አሚሌዝ የተባለው የምራቅ ኢንዛይም ስታርችን የሚሰባብርበትን ፍጥነት በተለያየ የሙቀት መጠን ለመለካት የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ ውጤታችሁን በእጅጉ የሚያዛባው ሁለቱን ፈሳሾች ገና ቀዝቃዛ ሳሉ ቀላቅሎ ሞቃት ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ መሆኑን ልብ በሉ። ድብልቁ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከመድረሱ አስቀድሞ ኢንዛይሙ ሥራውን ስለሚጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ልኬት ከዚያ በታች የሆነ የሌላ ሙቀት ልኬት ይሆናል። ስለዚህ ኢንዛይሙንና ስታርቹን በየራሳቸው የሙከራ ቱቦ 5 ደቂቃ ያህል በውኃው ውስጥ አቆዩአቸው፤ ከዚያ ቀላቅላችሁ ሰዓት መያዝ ጀምሩ።

በየ30 ሰከንዱ አንድ ጠብታ አውጥታችሁ በነጭ ሰሌዳ ላይ ከአዮዲን ጋር ስታገናኙት፣ ስታርች ከአዮዲን ጋር የሚሰጠው ሰማያዊ ጥቁር ቀለም መታየቱን ትቶ የአዮዲኑ ቢጫማ ቡናማ ብቻ ሲቀር ስታርቹ ተሰባብሮ አልቋል ማለት ነው። ነገር ግን 80 ዲግሪ ከደረሰ ቱቦ የወጣ ጠብታ ሳይቀዘቅዝ ከተፈተነ፣ ሙቀቱ ራሱ ሰማያዊውን ቀለም ስለሚያደበዝዘው ስታርቹ ያለቀ ያስመስላል፤ በእኔ እምነት ተማሪን በቀላሉ የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ስለዚህ ጠብታው እስኪበርድ ታገሡ።

ፒኤቹን (የአሲድነት መጠኑን) በባፈር፣ ማለትም ፒኤች እንዳይለዋወጥ በሚያደርግ ፈሳሽ፣ 7 አካባቢ አጽኑት። በቅዝቃዜ የዘገየ ኢንዛይም ሲሞቅ ሥራውን ይቀጥላል፤ የተቀቀለው ግን ቅርጹ ስለፈረሰ ቢቀዘቅዝም አያገግምም። በበረዶ ውስጥ የቆየውን ቱቦ ከመድፋታችሁ በፊት ወደ 37 ዲግሪ አሙቁትና ልዩነቱን በዓይናችሁ ተመልከቱ።