በቪስዋ ጀልባ ላይ የተደበቀውን የአሳማ ስብ መለያ

በፖላንድ ከተማ በክራኮው ውስጥ ከቫቬል ቤተ መንግሥት ግርጌ ተነሥተው በቪስዋ ወንዝ ላይ ባህላዊ ምግብ እያስቀመሱ የሚያስጎበኙ ጀልባዎች አሉ። አሳማ ለማትበሉና ለምትጾሙ፦ «ሥጋ የሌለበት» ብሎ ማዘዝ ብቻ አይበቃም።

ፒዬሮጊ ሩስኪዬ በድንችና በአይብ የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ ነው፤ ውስጡ ሥጋ የለውም። ችግሩ ከላይ ነው። ስክፋርኪ የሚባል የተጠበሰ የአሳማ ስብ ፍርፋሪ ከሽንኩርት ጋር ተደባልቆ ስለሚነሰነስበት ሽንኩርት ብቻ ይመስላል። ስለዚህ ስታዝዙ «ቤስ ስክፋሬክ» በሉ፤ «ያለ ስክፋርኪ» ማለት ነው። አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል።

ከዳቦና ከኮምጣጣ ኪያር ጋር የሚቀርበው ነጭ ቅባትም ቅቤ እንዳይመስላችሁ። ስማሌጽ ይባላል፣ የቀለጠ የአሳማ ስብ ነው። ከቦካ ዱቄት የሚሠራው ዡሬክ ሾርባም አብዛኛውን ጊዜ ቋሊማ አለበት።

ለጿሚ የሚሻለው በጥቅል ጎመንና በእንጉዳይ የተሞላው ፒዬሮጊ ነው፤ ፖላንዳውያን ራሳቸው ሥጋ በማይቀርብበት የገና ዋዜማ ማዕድ ላይ የሚበሉት። ቅቤ እንዳይፈስበት «ና ኦሌዩ»፣ በዘይት፣ በሉ። ሊጡ እንቁላል ሊኖረው ስለሚችል ይህንንም ጠይቁ።

ጾም ካልሆነ ግን ኦስጺፔክን አትለፉት፦ በጭስ የታጠነ የተራራ በግ አይብ ነው፣ ተጠብሶ ከቀይ ፍሬ ማርማላታ ጋር ይቀርባል። በትኩሱ ብሉት፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

አለርጂ ላለበት ወይም የመጥበሻ ንክኪ እንኳ ለማይፈልግ ሰው እነዚህ ቃላት በቂ አይደሉም። የጀልባ ወጥ ቤት ጠባብ ነው፤ ትኬት ስትቆርጡ በጽሑፍ አሳውቁ።