የጥልፍ ክር ስናደራጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሁሉ የሚያናድደው ወረቀቱን መጣል ነው። ዲኤምሲ የሚባለው የፈረንሳይ ክር አምራች አንድ ቱባ 8 ሜትር ክር ነው፤ ወገቡ ላይ ካሉት የወረቀት ቀለበቶች በአንዱ የቀለሙ ቁጥር ታትሟል። ጀማሪ ቱባውን ከሱቅ እንዳመጣ ወረቀቱን ገሽልጦ ይጥልና ክሩን ትንሽ ካርቶን ላይ ያጠነጥናል። ሳጥኑ ያምራል፣ እውነት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ግን ጽጌረዳው ሁለት ቅጠል ሲቀረው አረንጓዴው ያልቃል። ከዚያ ቁራጭ ክር በስልክ ፎቶ አንስቶ «የዚህ ቁጥር ስንት ነው?» ይባላል። በፎቶ አይታወቅም! ዲኤምሲ ብቻውን ወደ 500 የሚጠጋ ቀለም አለው፤ አረንጓዴው ብቻ ስንት ነው፤ የስልክ ካሜራ ደግሞ በመብራት አንድ ዓይነት፣ በቀን ብርሃን ሌላ ዓይነት ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩ ካርቶኑ ጫፍ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ወረቀቱ ይውጣ። በእርሳስ ጻፉት፤ እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ፈስሶ ክሩን ያቆሽሻል።

ቁጥር የሚጽፉትም ቢሆኑ 25 ላይ ይሰናከላሉ። ወረቀቱ ላይ በጉልህ የሚታየው 25 የክሩን ውፍረት የሚናገር ነው፤ በሁሉም ቱባ ላይ አለ። ሃያ ካርቶን ተደርድሮ ሃያውም ላይ «25» ተጽፎ ማየት አዲስ አይደለም። የድርጅቱንም ስም አትዝለሉ። የዲኤምሲ ጥቁር 310 ነው፣ የሌላው ክር አምራች የአንከር ጥቁር ግን 403፤ የአንከር 310 ጭራሽ ሌላ ቀለም ነው። «ዲ 310»፣ «አ 403» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ፐርሌ (ዘለላው የማይነጣጠል፣ የተገመደ የጥልፍ ክር) ካላችሁ ውፍረቱንም ጨምሩ፤ 321 ቀይ በ5ም በ8ም ይመጣል፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይቀጥናል።

ነጭ ሁሉ አንድ ነው ብሎ አንድ ላይ መክተትም አለ። የዲኤምሲ ነጮች «ብላንክ»፣ ቢ5200 እና 3865 ማታ በአምፖል አይለዩም። ጠዋት መስኮት አጠገብ ቢ5200 በረዶ መስሎ ያበራል፣ 3865 ደግሞ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። አንድ አበባ ላይ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ማረሚያው መተርተር ብቻ ነው።

ሳጥኑን እንደ ቀስተ ደመና መደርደር ለዓይን ደስ ይላል፤ ክሩ ከመቶ ሲያልፍ ግን ፍለጋው አያልቅም። ሐምራዊው ከቀይ ጎን ነው ወይስ ከሰማያዊ? በቁጥር ደርድሩ። ቁጥሮቹ የቀለም ዝምድናን አይከተሉም (321 ቀይ ነው፣ ቀጥሎ ያለው 322 ሰማያዊ)፤ ስለዚህ ቀለም ለማዛመድ ሌላ ካርድ ይኑራችሁ። ወፍራም ካርቶን ዳር ዳሩን ብሱ፣ ከየክሩ 5 ሳንቲ ሜትር እሰሩበት፣ ቁጥሩን ከጎኑ ጻፉ። ንድፍ ስትመርጡ ካርዱን ይዛችሁ ነው መስኮት ጋ የምትቀመጡት፤ ሳጥኑ አይነካም።

ከመርካቶ የሚገዛው ቁጥር የሌለው ክር የራሱ ጣጣ አለው። የራሳችሁን ቁጥር ስጡት፣ የተገዛበትን ወርና ሱቁን ጻፉ። ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ደግሞ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ከዚያው ሱቅ ቢመጣም ትንሽ ይለያል፣ ልዩነቱም የሚጎላው ሰፊ ቦታ ሲሞላ ነው።

ይህን ክር ሳትፈትኑ አታጠንጥኑት። በተለይ ቀዩን፣ ጥቁሩንና ደማቅ ሰማያዊውን። ነጠላው በመጀመሪያው አጠባ ጥልፉ ዙሪያ ሮዝ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፣ ለብ ባለ ውሃ ነክሩ፣ በነጭ የጥጥ ጨርቅ እጥፋት መሀል አድርጋችሁ በካውያ ተኩሱት። ጨርቁ ላይ መስመር ከተወ፣ ቱባውን ሁለት ቦታ በነጭ ክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩና ውሃው እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፤ ጥላ ላይ ሲደርቅ ሙከራውን ድገሙ። አሁንም ከለቀቀ ካርቶኑ ላይ «ይለቃል» ተብሎ ይጻፍበት፣ ነጭ ጨርቅም አይንካ። ካርቶን ላይ የተጠመጠመ ክር አይታጠብም፤ ለዚህ ነው ፈተናው የሚቀድመው።

አጥብቆ ማጠንጠን፦ ክሩ ይለጠጣል፣ የካርቶኑ ጠርዝ እጥፋት ያወጣበታል፣ ስፌቱም እኩል አይተኛም። እርጥብ ስፖንጅ ላይ ሳብ ማድረግ እጥፋቱን ያስለቅቃል።

የብር ላስቲክ አትጠቀሙ። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ክሩ ላይ ተጣብቆ ቡናማ እድፍ ይተዋል። ፕላስተርም ያው ነው።

ግልጽ ማሰሮ ውስጥ ከትቶ መስኮት ላይ መደርደር ፎቶ ላይ ያምራል፤ ፀሐይ ግን ቀለም ትበላለች፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አትራራም። የውጪው ዙር ነጥቶ የውስጡ ደማቅ ሆኖ ይቀርና አንድ ካርቶን ላይ ሁለት ቀለም ይኖራችኋል። ክዳን ያለው ሳጥን ወይም መሳቢያ ይሻላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በፌስታል ቋጥሮ መሬት ላይ ማስቀመጥ ሻጋታ መጥራት ነው። ከጫማ ካርቶን የምትጥሏትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሳጥኑ ውስጥ ጣል አድርጓት።

የሱፍ ክር ከጥጥ ጋር አይደር፤ ብል የሚፈልገው ሱፍና ሐር ነው። ብል የተጠረጠረ ሱፍ በደንብ በታሸገ ላስቲክ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ሲወጣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ላስቲኩ አይከፈት፣ አለበለዚያ ክሩ ላይ ውሃ ያዝላል።

ወርቃማና ብርማ ክር አይታጠፍም፤ በመጣበት ጥቅል ይቆይ።

በመጨረሻ ትርፍራፊው። ክሩ ስድስት ዘለላ ነው፣ አብዛኛው ሥራ የሚወስደው ሁለት። 50 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ሁለቱን ስትጠቀሙ አራት ይቀራል፤ ይህን ካርቶኑ ላይ መልሶ መጠምጠም ነው ሳጥኑን የሚተበትበው። የተረፈውን የተበሳ ካርድ ላይ ከቁጥሩ ጋር አንጠልጥሉት፣ አዲስ ከመቁረጣችሁ በፊትም እሱን ጨርሱ። ዘለላዎቹንም አንድ ላይ አትሳቡ፤ አንዷን ብቻ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቧት፣ ከዚያ ሌላዋን።