ሁለት ጣት ክሬም

አልቢኒዝም አለብኝ፤ ቆዳዬና ፀጉሬ ቀለም የላቸውም ማለት ይቻላል። ሰፈር ውስጥ ሕፃናት «ፈረንጅ!» ሲሉኝ «አቤት!» እላለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ፀሐይን ነው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እማዬ ፊቴን በቫዝሊን አብሳ ለጥምቀት ጃንሜዳ ወሰደችኝ። ቫዝሊን ያወዛል እንጂ ፀሐይ አይከላከልም። ማታ ጆሮዬ ውሃ ቋጠረ።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ከቤት ከመውጣቴ 20 ደቂቃ በፊት ሌባ ጣቴንና መሃል ጣቴን እዘረጋለሁ። በሁለቱም ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ አወጣለሁ። ይህ ለፊትና ለአንገት ብቻ ነው። ብዙ ይመስላል፣ አዎ። ውድም ነው። ግን ካርቶኑ ላይ 50 የሚለው የመከላከል አቅም ቁጥር (SPF) 50 ሆኖ የሚሠራው በዚህ ልክ ሲቀባ ነው። ለቁጠባ ብላችሁ ካሳሳችሁት 50 የገዛችሁት በከንቱ ነው። ጆሮ፣ ማጅራት፣ የእጅ ጀርባ አይረሳ። ውጭ ከዋልኩ በየ2 ሰዓቱ እደግማለሁ፤ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ደግሞ ሁልጊዜ።

«ዛሬ ደመና ነው» አትበሉ። ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት፣ በደመና ያልፋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ይህ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ነው የሚሸውደን።

ዋናው በየቀኑ መቀባቱ ነው። አውስትራሊያ፣ ናምቦር ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 በተጀመረ ጥናት፣ በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት ሰዎች ላይ ስኳመስ ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር እንደፈቀዳቸው ከተቀቡት በ40 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ። የተቀቡት እኮ ቁጥሩ 16 የሆነውን ነበር!

አምና ግንባሬ ላይ ሻካራ ነገር ወጣ። በዓይኔ አላየሁትም፤ ፊቴን ስታጠብ ጣቴን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከረከረኝ። የቆዳ ሐኪሟ «ካልታከመ ወደ ካንሰር ሊቀየር ይችላል» ብላ ፍሎሮዩራሲል የሚባል ክሬም አዘዘችልኝ፤ ቀን ሁለቴ፣ ለ3 ሳምንት። ይሄኛው የሰንስክሪን ተቃራኒ ነው፦ በስሱ፣ ሐኪም ባሳየው ቦታ ብቻ። ከዓይንና ከአፍ ይራቅ። ከተቀባችሁ በኋላ እጃችሁን በደንብ ታጠቡ። ነፍሰ ጡር አትነካውም። ከጎረቤት የሚዋሱት ክሬም አይደለም።

በሁለተኛው ሳምንት ግንባሬ ፍም መስሎ ቀላ፣ ቆሰለ፣ ቅርፊት ያዘ። ደንግጬ ልተወው ስል ለሐኪሟ ደወልኩላት። «መድኃኒቱ የታመመውን ሴል እየገደለ ነው፤ ቀጥይ» አለችኝ። ክሬሙን ከጨረስኩ በኋላ ቀስ እያለ ዳነ።

አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ እህቴ ጀርባዬንና የጆሮዬን ኋላ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ካለፈው ወር ጋር እናስተያየዋለን። የሚደማ፣ የሚያድግ ወይም በ4 ሳምንት ያልዳነ ቁስል ካየን ክሬም አንነካም። በነጋታው ሐኪም ጋ ነኝ።