የድሮ የቼዝ መጽሐፍ ስታነቡ ጨዋታው መሀል ላይ ሲጠፋባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

የቀድሞው የዓለም ቼዝ ሻምፒዮን ካፓብላንካ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው መማሪያም ሆነ ሌላው ሻምፒዮን ፊሸር በ1969 ያወጣው የ60 ጨዋታዎች ስብስብ በመጀመሪያ የወጡት ገላጭ በሚባለው የድሮ አጻጻፍ ነው። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ከ1981 ወዲህ የሚቀበለው አልጀብራዊውን፣ ማለትም እያንዳንዱን ቤት እንደ ኢ4 በአንድ ፊደልና ቁጥር የሚጠራውን አጻጻፍ ብቻ ስለሆነ፣ በስልክ ቼዝ የተማረ ሰው እነዚህን መጻሕፍት ከፍቶ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ይዘጋቸዋል። በጣም ያሳዝነኛል፤ የሚያደናቅፉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ይፈታሉ።

ፊደላቱን እዚህ በአነባበባቸው እጽፋለሁ። ኬ ንጉሥ፣ ኪው ንግሥት፣ አር ግንብ፣ ቢ ጳጳስ፣ ኤን ፈረስ፣ ፒ ወታደር ነው። እያንዳንዱ ዓምድ ስሙን ያገኘው ጨዋታው ሲጀመር እዚያ ከቆመው ጠጠር ነው፤ ኢ የንጉሡ ዓምድ፣ ዲ የንግሥቲቱ፣ ኤፍ የንጉሡ ጳጳስ (ኬቢ)፣ ሲ የንግሥቲቱ ጳጳስ (ኪውቢ) እያለ ይቀጥላል።

የጥቁሩ ተራ ሲደርስ ወዲያው ይበላሻል

መጽሐፉ «1. ፒ-ኬ4 ፒ-ኬ4» ይላል። ሁለት ወታደር አንድ ቤት ላይ እንዴት ይቆማል? ምክንያቱ ረድፉ የሚቆጠረው ከሚጫወተው ሰው በኩል መሆኑ ነው። የነጩ 4 ኢ4 ሲሆን የጥቁሩ 4 ግን ኢ5 ነው። የጥቁሩን ቁጥር ከ9 ቀንሱ፤ 3 ከሆነ 6፣ 7 ከሆነ 2 ይመጣል። ዓምዱን ግን አትገልብጡት። ብዙ ሰው ቁጥሩን ሲያዞር ግራና ቀኙንም አብሮ ያዞራል፤ የንጉሡ ዓምድ ለሁለቱም ኢ ነው።

የመቀየሪያ ሰንጠረዥ አትማችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ የሚል ምክር አለ። እኔ አልደግፈውም። ዓይን ከሰንጠረዡ ወደ ሰሌዳው ሲመላለስ የጨዋታው ሐሳብ ይበተናል። ይልቅ እውነተኛ ሰሌዳ ዘርጉና የጥቁሩን እርምጃ ስታነቡ ራሳችሁን በጥቁሩ ወንበር ላይ አስቀምጡ፤ የንጉሡ ወገን በግራችሁ ይሆናል። ያኔ የዚህ አጻጻፍ ውበት ይገባችኋል። ግንብን 7ኛው ረድፍ ላይ ማስገባት ለነጩም ለጥቁሩም በአንድ ቁጥር ይነገራል፤ ፈረስን በተለመደው ቤቱ ማውጣትም ለሁለቱም ኤን-ኬቢ3 ነው።

አንድ ጽሑፍ ለሁለት ቤት የሚሆን ይመስላል

የስፔኑን አከፋፈት ውሰዱ፦ 1. ፒ-ኬ4 ፒ-ኬ4 2. ኤን-ኬቢ3 ኤን-ኪውቢ3 3. ቢ-ኤን5። የቱ ኤን5? የንጉሡ ፈረስ ዓምድ (ጂ) ወይስ የንግሥቲቱ ፈረስ ዓምድ (ቢ)? ደራሲው ያልጻፈው አንዱ ብቻ ስለሚቻል ነው። የሲ1 ጳጳስ በዲ2 ወታደር ተዘግቷል፤ የኤፍ1 ጳጳስ ደግሞ የሚደርሰው ቢ5 ብቻ ነው። ቀጥሎ 3... ፒ-ኪውአር3 4. ቢ-አር4 ኤን-ቢ3 ይላል። እዚህም የሲ6 ፈረስ ወደ ኤፍ6 መዝለል አይችልም፤ ስለዚህ የተንቀሳቀሰው የጂ8 ፈረስ ነው።

በሕጉ የሚቻለውን ብቻ ፈልጉ። ከኋላው የቼክ፣ ማለትም ንጉሡ የመጠቃቱ፣ ምልክት (ሲኤች) ካለ እሱም ይለያል፤ ቼክ የሚሰጠው ቤት ነው የተፈለገው። ሁለቱም ቢቻሉስ? አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው፤ ገምታችሁ አትለፉ፣ ወደኋላ ተመለሱ።

ስትበሉም ያው ነው። የበላውና የተበላው ብቻ ይጻፋል እንጂ ቤቱ አይጻፍም። በ1. ፒ-ኬ4 ፒ-ኬ4 2. ኤን-ኬቢ3 ኤን-ኬቢ3 3. ኤን×ፒ፣ ፈረስ ሊበላው የሚችለው ወታደር የኢ5ቱ ብቻ ነው።

ንጉሡ ካስሊንግ ካደረገ በኋላ ስሞቹ ይምታታሉ

ካስሊንግ ንጉሡና ግንቡ በአንድ ተራ አብረው የሚንቀሳቀሱበት እርምጃ ነው። የንጉሡ ዓምድ ግን ንጉሡን ተከትሎ አይሄድም፤ ንጉሡ ጂ1 ቢገባም ኢ ኢ ነው። ኬአር-ኬ1 ማለት ከካስሊንጉ በኋላ ኤፍ1 ላይ ያለው የንጉሡ ግንብ (ኬአር) ወደ ኢ1 ሄደ ማለት ነው፤ ኪውአር-ኬ1 ከሆነ ደግሞ ከኤ1 የተነሣው ግንብ ነው። ሰው የሚስትበት ልዩነት እዚህ አለ። ግንብና ፈረስ የትም ቢዞሩ የትውልድ ስማቸውን ይይዛሉ፤ ወታደር ግን በልቶ ዓምድ ከቀየረ አሁን በቆመበት ዓምድ ስም ይጠራል።

ንጉሡ እንደ ፈረስ ይዘላል

በቆዩት እትሞች ፈረስ ኤን ሳይሆን ኬቲ ነው። ስካን በተደረገ ቅጂ ላይ ትንሿ ቲ ከደበዘዘች የሚቀረው ኬ ብቻ ስለሆነ ንጉሥ ይመስላል። ንጉሡ በመክፈቻው ላይ ሊደርስበት የማይችል ቤት ከተጻፈለት ፈረስ ነው ብላችሁ ሞክሩ።

ቁጥሩ ከዓምዱ ስም ቀድሞ ከመጣ (ለምሳሌ ፒ4አር) መጽሐፉ አብዛኛውን ጊዜ በስፔን ቋንቋ የተጻፈ ነው። እዚያ አር ንጉሥ እንጂ ግንብ አይደለም።

ሁሉንም ሞክራችሁ አልሆነም

የማተሚያ ስህተት ሊሆን ይችላል። የድሮ መጻሕፍት በየመሀሉ የሰሌዳ ሥዕል ስላላቸው እሱን መለኪያ አድርጉት። ሥዕሉ ላይ ስትደርሱ እያንዳንዱን ጠጠር ከሰሌዳችሁ ጋር አነጻጽሩ። ካልገጠመ በመጨረሻ ከገጠመላችሁ ሥዕል ወዲህ ያለውን ብቻ እንደገና ተጫወቱ። የታወቀ ጨዋታ ከሆነ በተጫዋቾቹ ስምና በዓመቱ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት፤ የታላላቆቹ ጨዋታዎች በአልጀብራዊ አጻጻፍ በነፃ ይገኛሉ። እርምጃውን ካስተካከላችሁ በኋላ እርማቱን በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ጻፉት፤ ቀጥሎ ለሚያነበው ይቀለዋል።