ትልቅ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በወረቀትና በእርሳስ እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ብዙ ጊዜ 1,788 ሜትር ተብሎ ይጠቀሳል። ከዚህ ቁጥር ግራና ቀኝ ያሉት 1787 እና 1789 ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። በባሕር ዳር የሒሳብ ክበብ ለሚመሩ መምህራን ከዚህ የቀረበ መነሻ አላውቅም።

በመጀመሪያ 1789ን በተለመደው መንገድ ይፈትሹ። 43 በ43 ሲባዛ 1849 ስለሚሆን ከ42 በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ ከዚያ የሚበልጥ አካፋይ ቢኖር ኖሮ ከ42 የማይበልጥ አጣማሪ ይኖረው ነበርና። ስለዚህ ከ2 እስከ 41 ባሉት 13 ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ያካፍሉ። በሁሉም ቀሪ ይተርፋል፤ ለምሳሌ በ41 ሲካፈል 26 ይቀራል።

ቁጥሩ 39 አሃዝ ሲኖረው ግን አካፋይ መፈለግ ተስፋ የለውም። ሆኖም ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካስ በ1876 እ.ኤ.አ. 2¹²⁷−1 ብቸኛ መሆኑን ያለ ኮምፒውተር አረጋግጧል። አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር በኋላ ያሻሻለው ይህ መንገድ የሚሠራው 2 በራሱ ተደጋግሞ ተባዝቶ 1 ለተቀነሰላቸው ቁጥሮች ብቻ ነው፤ የድግግሞሹ ቁጥርም ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር መሆን አለበት።

2⁷−1ን፣ ማለትም 127ን እንውሰድ። ከ4 ይነሱ፤ በራሱ አባዝተው 2 ይቀንሱ፣ ውጤቱን ለ127 አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይያዙ፣ በቀሪውም ላይ ይህንኑ ይድገሙ። የዙሮቹ ብዛት ከ7 በ2 ያነሰ፣ ማለትም 5 ነው። ቀሪዎቹ በተራ 14፣ 67፣ 42፣ 111 እና 0 ይሆናሉ። የመጨረሻው ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም።

ማካፈሉን የሚያቀል ስልት አለ፤ እኔ ከሁሉ የምወደውም ይህንን ነው። 128 ለ127 ሲካፈል 1 ስለሚቀር፣ በ127 ፈንታ ለ128 አካፍለው ድርሻውንና ቀሪውን መደመር ይበቃል፤ ድምሩ 127 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 127 ይቀንሱለት። 67 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስለት 4487 ይሆናል፤ በውስጡ 35 ጊዜ 128 ይገኛል፣ 7 ይተርፋል፤ 35 እና 7 ሲደመሩ 42 ይሰጣሉ።

2¹¹−1፣ ማለትም 2047፣ በ9ኛው ዙር 1736 ስለሚያስቀር ብቸኛ አይደለም። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል፦ ፈተናው አካፋይ እንዳለ በእርግጠኝነት ሲነግረን የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይገልጽም፤ 23 እና 89 መሆናቸውን ለማወቅ ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የተገኘው፣ 41,024,320 አሃዞች ያሉት 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹−1 ብቸኛነቱ የተረጋገጠው በዚሁ ስሌት ነው።

ለመልመጃ 2¹³−1ን፣ ማለትም 8191ን በ11 ዙር ይሞክሩ። በ7ኛው ዙር 36፣ በ10ኛው 128 ካገኙ ስሌቱ ትክክል ነው፤ 128 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስለት 16382 ይሆናል፣ ይህም የ8191 እጥፍ ነው።