የተደበቁ የዊንዶውስ ሲስተም ፎልደሮች አልከፈት ሲሉ

በዊንዶውስ 10 እና 11 የተደበቁ የሲስተም ፎልደሮችን ለማየት ፋይል ኤክስፕሎረርን ከፍተው ወደ ፎልደር ኦፕሽንስ ይግቡ፤ «ቪው» በሚለው ክፍል የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ይምረጡና ዝቅ ብሎ የተጠበቁ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ያንሡ።

ፎልደሩ ታይቶም መግባት እንደማይቻል የሚገልጽ መልእክት ከመጣ፣ ፈቃድ ለመቀየር ከመቸኮልዎ በፊት የፎልደሩን ምንነት ይለዩ። በሲ ድራይቭ ላይ የሚታየው «ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ እውነተኛ ፎልደር ሳይሆን፣ የቆዩ ፕሮግራሞችን ወደ «ዩዘርስ» የሚመራ መጠቆሚያ ነው፤ ምስሉ ላይ ትንሽ ቀስት ያለበትም ለዚህ ነው። ዝርዝሩ እንዳይታይ የተከለከለው ሆን ተብሎ ስለሆነ፣ የሚፈልጉትን ሰነድ በቀጥታ «ዩዘርስ» ውስጥ ያገኙታል።

ከማይክሮሶፍት ስቶር የሚጫኑ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት «ዊንዶውስ አፕስ» ግን እውነተኛ ፎልደር ሲሆን፣ ባለቤቱ «ትረስትድ ኢንስቶለር» የተባለው የሲስተም አካል ነው። ባለቤትነቱን መውሰድ ቢቻልም፣ ከስቶር የተጫኑ ፕሮግራሞች አልሠራ ሊሉ ስለሚችሉ ፈጽሞ አልመክርም።

ባለቤትነት መውሰድ ተገቢ የሚሆነው ከአሮጌ ኮምፒውተር በወጣ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ የራስዎ ፎልደር ሲዘጋብዎ ነው፤ በፎልደሩ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው ከፕሮፐርቲስ ወደ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያም ወደ አድቫንስድ ይሂዱና «ኦውነር» ከሚለው አጠገብ የራስዎን መለያ ስም ያስገቡ።