«እሱማ የወለደ ሁሉ ያለበት ነው»፦ ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች አፕ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች የሚሆን አፕ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ፊግማን (የዲዛይን መሥሪያ ፕሮግራሙን) እንዳትከፍቱ። እኔ ዲዛይነር ነኝ። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቻለሁ፤ ከታች ከዘረዘርኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራሁትም ራሴ ነኝ። ደግነቱ ሁሉም የሚታረሙ ናቸው።

በሐኪም ቋንቋ መጠየቅ

የመጀመሪያው መጠይቃችን ላይ «ሽንት የመቆጣጠር ችግር አለብዎት?» የሚል ጥያቄ ነበር። ሁሉም «የለብኝም» አሉ። እርስ በርስ ተያየን። ወይ የተሳሳቱ ሰዎች ጋ ሄደናል፣ ወይ አፑ አያስፈልግም ማለት ነው።

የሦስት ልጆች እናት የሆኑ አንዲት ሴትዮ ግን ቃለ መጠይቁ አልቆ ወረቀቴን ስሰበስብ ጉንፋን ይዟቸው ኖሮ ሳል ጀመራቸው። ሲስሉ እግራቸውን ቶሎ ቆለፍ አደረጉ። «እትዬ፣ ሲያስልዎት ያስቸግርዎታል እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁና «እሱማ የወለደ ሁሉ ያለበት ነው፣ ይሄም በሽታ ነው እንዴ?» አሉኝ። ቦርሳቸውን ከፍተው አሳዩኝ፦ ሁለት ሞዴስና በፌስታል የተጠቀለለ ቅያሪ ፓንት። ከስድስት ዓመት በላይ ያለዚያ ፌስታል ከቤት ወጥተው አያውቁም። እኔ ወረቀት ላይ ግን «የለብኝም» ብለው ተመዝግበዋል።

ስለዚህ የበሽታውን ስም ትታችሁ ሁኔታውን ጠይቁ። ሲስቁ? ሲያስነጥስዎት? የሞላ ጀሪካን ሲያነሱ? ቤት ደርሰው ቁልፉን በሩ ላይ ሲያስገቡ? (ይህቺን የመጨረሻዋን ስጠይቅ ብዙዎቹ «አንቺ በምን አወቅሽ?» ይሉኛል።) በብዙ አገር ጥናቶች የሚሠራበት አይሲአይኪው የተባለው አጭር መጠይቅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ባለፉት 4 ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ፣ ምን ያህል መጠን፣ ኑሮሽን ምን ያህል ነካው፣ መቼ መቼ ያመልጥሻል ይላል፤ ነጥቡም ከ0 እስከ 21 ነው። ችግሩ «ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል?» የሚለው ጋ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሏችኋል። እሱ ስንት ነው? እኛ መጨረሻ ላይ «በዚህ ምክንያት የቀሩበት ቦታ አለ?» ብለን እየጠየቅን ከዚያ ተነስተን አብረን ቁጥር ላይ ደረስን። ለቅሶ የቀሩ ነበሩ። ቅዳሴ መቆም የተዉ ነበሩ። ውዱእ (የሶላት ትጥበት) ይፈርስብኛል ብለው ሶላት ላይ የሚጨነቁም ነበሩ።

ሰብስቦ ማወያየት

ቡና አፍልተን ስድስት ሴቶች አንድ ክፍል ሰበሰብን። ቆንጆ ጨዋታ ነበር። ግን የሚወራው ሁሉ ስለ «አንዲት ጎረቤቴ» ነው። ያን ዕለት ከመጡት አንዷም አላመለጣትም፣ የሰፈሩ ጎረቤት ግን አንድም የዳነ የለም።

«ጎረቤቷ» ማን እንደሆነች ለማውጣጣት አትሞክሩ። «ታዲያ ጎረቤትዎ ታክሲ ላይ ምን ታደርጋለች?» ብላችሁ በዚያው ቀጥሉ፤ የምትፈልጉት እዚያው አለ። ለብቻ ሲሆን ደግሞ ራሱ ይመጣል። ወንድ ማስታወሻ ያዥ ካለ ውሃ እንዲገዛ ላኩት፣ ቶሎም አይመለስ። ውጭ አገር ላይ ከሆናችሁ፣ ለምሳሌ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ካለች እናት ጋር ስታወሩ፣ ልጇን አስተርጓሚ አታድርጉ። የትኛዋ እናት ናት ይህን በልጇ አፍ የምትናገረው?

ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ መቁጠር

ይሄኛው ሰው ይጎዳል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሲስቁና ሲያስሉ ጠብ የሚል አለ። ድንገት አጣድፎ መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ የሚያመልጥ አለ። ሁለቱም ያለባቸው አሉ። ለመጀመሪያው ዋናው ነገር ሽንትን የሚይዙትን የዳሌ ጡንቻዎች ማለማመድ ነው። ለሁለተኛው ደግሞ ፊኛን ቀስ በቀስ ማሠልጠንና ቡናን መቀነስ ይመጣል። ቡና መቀነስን አገራችን ላይ መምከር ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ «ቡና ይቀንሱ» የሚል ጽሑፍ ማንም አያነብም፣ «አቦሉን ይጠጡ፣ ቶናና በረካውን ለጎረቤት ይተዉ» ስንል ግን ቢያንስ ሳቁ።

ሌላም አለ። ቀንም ሌትም፣ ተኝታም ቆማም ያለማቋረጥ የሚፈስባት ሴት፣ በተለይ ረጅም ምጥ ካማጠች በኋላ የጀመራት ከሆነ፣ ፊስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የሚከፈት ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል። እሱን የትኛውም ልምምድ አይዘጋውም፣ ቀዶ ጥገና ነው የሚፈልገው። እንዲህ ያለችን ሴት ሦስት ወር «ጡንቻሽን ጨብጪ» እያልን ብናቆያት ኃጢአት ነው። የእኛ የመጀመሪያው ንድፍ ይህን አልለየም ነበር። ስህተቱን ያየችልን ስክሪኑን ያሳየናት አዋላጅ ነርስ ናት። አሁን ሦስተኛው ጥያቄ «ሳያቋርጥ ይፈስሳል?» ነው። መልሱ አዎ ከሆነ አፑ እዚያው ይቆምና ወደ ሕክምና ይልካል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ላይ ማዕከላት አሉት፤ በተጠቃሚዋ ቋንቋ የሚቀርባትን ማሳየት ከባድ አይደለም። ሽንት ላይ ደም ካለ ወይም ትኩሳት ካለም እንደዚሁ፣ ወደ ሐኪም።

በነገራችን ላይ ፊስቱላው ተሰፍቶ ከዳነ በኋላም ሲያስሉ የሚያመልጣቸው ሴቶች አሉ። ስለዚህ «ቀዶ ጥገና አድርጋለች፣ አትመለከታትም» ብላችሁ አታስወጧት።

የሽንት መዝገቡን በፈረንጅ ሰዓት መሥራት

ሐኪሞች ቢያንስ የ3 ቀን መዝገብ ይፈልጋሉ፦ ምን ጠጣሽ፣ መቼ ሸናሽ፣ መቼ አመለጠሽ። የሥራ ቀንም የዕረፍት ቀንም ቢኖርበት ይመረጣል። እኛም ሠራን፣ አስሞከርን፣ ውጤቱን አየን። አንዲት ሴት ጠዋት 8 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ሸንታለች፣ ሌሊቱን አንዴም አልተነሳችም ይላል ሰንጠረዡ። ደውዬ ሳጣራ 8 ሰዓት ያለችው ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ 10 ሰዓት ያለችውም ሊነጋጋ ሲል። በሌሊት ሁለቴ የምትነሳ ሴት በእኛ አፕ ላይ ድብን ብላ የምታድር ሆና ተገኘች። ሐኪም ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? የሰዓት ማስገቢያው «ሌሊት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ» ብሎ ይጀምር፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ።

መጠኑንም በሚሊ ሊትር አትጠይቁ። ሲኒ፣ ብርጭቆ፣ ኩባያ በሉ፣ ሥዕሉን አሳዩ፣ ማስላቱን ለአፑ ተዉት። ጾም ላይ መሆኗንም ጠይቁ። እስከ 9 ሰዓት ውሃ ያልቀመሰች ሴት መዝገብና የፍስክ ቀን መዝገብ አንድ አይደለም፤ ረመዳን ላይ ደግሞ ቀንና ሌሊቱ ጭራሽ ይገለበጣል። ብዙዎች እንዳያመልጣቸው ብለው ከነጭራሹ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ሽንቱ ሲወፍር ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ መጣደፉም ይብሳል። ይህን መዝገቡ ላይ ካያችሁ ንገሯቸው።

ስልኩ የእሷ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

ስልኩን ልጅ ጌም ይጫወትበታል፣ ባል ብር ይልክበታል፣ እህት ፎቶ ታይበታለች። የእኛ አፕ ደግሞ የውሃ ጠብታ አርማ ነበረው፣ ማታ ማታም «የሽንት ልምምድዎን አልሠሩም!» የሚል ኖቲፊኬሽን ይልክ ነበር። አንዷ ሞካሪያችን አማቷ ቤት ምሳ ላይ ሳሉ ስልኳ ጠረጴዛ ላይ በራ። ያነበበው የባሏ ወንድም ነው፣ ያውም ጮክ ብሎ። አፑን እዚያው አጠፋችው። እኔ ብሆን ስልኩንም እሰብረው ነበር።

አሁን ኖቲፊኬሽኑ «ሰዓቱ ደርሷል» ብቻ ይላል። አርማውን ተጠቃሚዋ ትመርጣለች፣ መክፈቻ ኮድ አለው፣ ድምፅ ያለው ትምህርት ሁሉ ሲከፈት ድምፁ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ስሙም ላይ ቢታሰብበት ጥሩ ነው። ስዊድኖች ለዚሁ ችግር የሠሩትን አፕ «ቴት» ብለውታል፣ በቋንቋቸው ጥብቅ እንደማለት ነው፤ ማንም አይቶ ምንም አይጠረጥርም።

መረጃውን ለማን እንደምትሰጡም አስቡ። ፍሎ የተባለው የወር አበባ መከታተያ አፕ የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ እነ ፌስቡክና ጉግል ላሉ አሳልፏል ተብሎ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ በ2021 እ.ኤ.አ. በስምምነት ጨርሷል። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ማስታወቂያ መከታተያ ኮድ በልማድ ለጥፋችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ንቀሉት።

ልምምዱን በሥዕል ብቻ ማስተማር

የዳሌን ውስጥ በቀይና በሰማያዊ ስለን አቀረብን። «ይሄ የበግ ነው?» ተባልን። ብዙ ሴቶች ወደ ላይ መሳብ ሲገባቸው ወደ ታች ያምጣሉ፣ ያ ደግሞ ያብሳል። የሠራልን አንድ አረፍተ ነገር ነው፣ በሴት ድምፅ፦ «ሰው መሃል ፈስ እንዳያመልጥሽ እንደምትይዢው ያዢው፣ ትንፋሽሽን ግን አትያዢ።» ሳቁ፣ ገባቸውም። እየሸኑ መሃል ላይ ማቋረጥን ልምምድ አታድርጉት።

የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በቀን 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ይላል። የስዊድኑ አፕም በ123 ሴቶች ላይ ሲሞከር የተለካው ከ3 ወር በኋላ ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ንገሯት። እኛ ሳንናገር ቀርተን ብዙዎቹ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው ሄዱ። ቀን ስታሳልፍ የሚጠፋ የእሳት ምልክትም ነበረን፤ የታመመ ልጅ ስታስታምም ያደረች እናትን ጠዋት ላይ የጠፋ እሳት ማሳየት ምን ይሉታል?

አንዳንድ ትንንሾች

ሮዝ ቀለምና አበባ ይቅር። የስልሳ ዓመት እናትን «ጨብጪ» አይባልም፣ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ» የሚለውን መጀመሪያ ላይ ታስመርጡ። የአማርኛ ኪቦርድ የማይመቻቸው ስለሚበዙ ማስታወሻው በድምፅ ይሁን።

አፑን ያጠፋን ሁሉ እንደ ሽንፈት መቁጠር

የአራተኛ ወር ሪፖርት ላይ «ያቋረጡ» የሚለው ቁጥር ከፍ ብሎ ኃላፊያችን ተቆጣ። ዝርዝሩን ይዤ መደወል ጀመርኩ። መጀመሪያ ያነሱት እነዚያ ባለ ፌስታሏ እናት ናቸው። ለምን እንዳጠፉት ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ቆመልኝ እኮ። ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ሪፖርቱ ላይ ግን እስካሁን «ያቋረጡ» የሚለው ረድፍ ውስጥ ናቸው።